ሴት ልጅ ላላችሁ ወላጆች፦ የማታ ሂሳብ ክፍል ጥቆማና ከልብ የሆነ ምስጋና

እንዴት ናችሁ? ለሴት ልጆች ማታ ሂሳብ ለሚያስተምሩ ሁለት ወጣት ሴቶች ረዘም ያለ ምስጋና ነው፣ ታገሡኝ። በተለይ ከ8ኛ እስከ 11ኛ ክፍል የምትማር ሴት ልጅ ያላችሁ ሳትጨርሱት እንዳታልፉ።

ልጄ 15 ዓመቷ ነው፣ 9ኛ ክፍል ናት። እስከ 6ኛ ክፍል ድረስ ሂሳብ ነፍሷ ነበር። ሱቅ ስልካት መልሱን ገና ከቤት ሳትወጣ አስልታው ነበር የምትሄደው። 7ኛ ክፍል ላይ አንድ መምህር ሰሌዳ ላይ አውጥቷት ስትሳሳት «አንቺ ይሄ ነገር አይሆንሽም፣ ቋንቋ ላይ በርቺ» አላት። ክፍሉ ሳቀ። ማታ ቤት መጥታ ትንፍሽ አላለችም። እኔ የሰማሁት ከዓመት በኋላ ነው፣ እሱንም ከጓደኛዋ። እስከዚያ ድረስ ደብተሯ ባዶ ሲሆን፣ ውጤቷ ሲወርድ፣ እኔ «ስልክ ነው ያበላሸሽ» እያልኩ ስቆጣት ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ እንደ ሁሉም ወላጅ አስጠኚ ፍለጋ ወጣሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው የተባለ ጊዜ እኛ ሰፈር ያልደነገጠ የለም፣ እኔም ድንጋጤው ሳይለቀኝ ነው የቆየሁት። ሁለት አስጠኚ ቀያየርኩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ወረቀት ያመጣሉ፣ ትሠራለች፣ ያርማሉ፣ ይሄዳሉ። ውጤቷ ትንሽ ከፍ አለ። ግን ቅዳሜ ጠዋት አስጠኚው የሚመጣበት ሰዓት ሲቃረብ ሆዴን አመመኝ ትላለች። በየሳምንቱ።

ባለፈው ጥቅምት ጎረቤቴ ስለ እነዚህ ሁለት ልጆች ነገረችኝ። ልጆች ስላቸው ቅር እንዳይላቸው፣ በዕድሜ ለእኔ ታናሽ እህቶቼ ናቸው። አንዷ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ በሂሳብ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ሌላዋ አምና ጨርሳ ኮሌጅ ማስተማር ጀምራለች። ማክሰኞና ሐሙስ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ከስድስት ኪሎ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወስደው መንገድ አንድ ክፍል ተከራይተው 14 ሴት ልጆች ያስተምራሉ። አንድ ሰሌዳ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር፣ ጥግ ላይ የሻይ ፔርሙስ። ሌላ ምንም የለም።

መጀመሪያ ቀን ይዣት ስሄድ «ማጠናከሪያ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የኮሌጇ መምህርት «አይደለም እትዬ፣ ማጠናከሪያ ማለት ትምህርት ቤት የተማሩትን መድገም ነው። እኛ ግን፣ ትምህርት ቤት ጊዜ የማይሰጠውን ነው የምንሠራው» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ኅዳር ላይ ነው፣ እሱም በአባቴ በኩል።

አባቴ ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ በቃሉ ያውቀዋል። አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት በዚህ ስሌት ውስጥ ያሉ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አንድ ማክሰኞ ማታ ልጄ ከክፍል እንደመጣች ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ አጠገቡ ቁጭ አለች። «አባባ፣ የዘንድሮ አበቅቴ ስንት ነው?» አለችው። እኔ ወጥ እያማሰልኩ ነበር፣ ማማሰያውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። እሱ ደስ ብሎት ጀመረ። 5500 ላይ 2018 ደምሪ፣ 7518። ለ19 አካፍዪ፣ ቀሪው 13፣ መደቡ እሱ ነው። አንድ ቀንሺ፣ ወንበሩ 12። ወንበሩን በ11 አባዢና ለ30 ግደፊ፣ ማለትም ለ30 አካፍለሽ ቀሪውን ያዢ፣ አበቅቴው 12። ወንበሩን በ19 አባዢና ለ30 ግደፊ፣ መጥቅዑ 18። «አበቅቴና መጥቅዕ ምን ጊዜም ተደምረው 30 ናቸው፣ እንዲህ ነው የተማርነው» አለ።

«ለምን እንደሆነ ልንገርዎት?» አለችው።

የመጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው የጻፈችለት። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው። ያንኑ አንድ ወንበር ነው በሁለቱም የምናባዛው። ስለዚህ ሁለቱ ብዜቶች ሲደመሩ ወንበር ሲባዛ በ30 ነው የሚሆነው፣ እሱ ደግሞ ለ30 ሲካፈል ምንም አይተርፈውም። ስለዚህ ቀሪዎቹም ሲደመሩ 30 ላይ ነው የሚገጥሙት። አባቴ መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋው። ሰባ ዓመት በቃሉ ያለውን ነገር ምክንያቱን ከ15 ዓመት ልጅ ሲሰማ ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ እዚህ መጻፍ አልችልም።

ግን አባቴም ዝም ብሎ አልለቀቃትም። «በ2006 ወንበሩ አልቦ፣ ዜሮ ማለት ነው፣ ነበር። ያኔ አበቅቴው አልቦ ነው፣ መጥቅዑ ግን 30 ይባላል። ዜሮን በ19 ብታባዢ ዜሮ አይደለም? 30 ከየት መጣ?» አላት። ዝም አለች። ድሮ ቢሆን እንዲህ ዝም ስትል ደብተሩን ዘግታ ትነሳ ነበር። አሁን «ሐሙስ እጠይቃለሁ» አለች።

ሐሙስ ጠየቀች። መልሱን አልነገሯትም! በጣም የምወድላቸው ነገር ይሄ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራዋ «እኔም አስቤበት አላውቅም፣ እስኪ ሰዓት አስቢ፣ 12 ሰዓት እና 0 ሰዓት ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብላ ብቻ ሰደደቻት። ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ይዛው ዞረች። ታክሲ ውስጥ፣ እንጀራ እየበላች፣ ጸጉሯን ስሠራት። በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት ፊቷን እየታጠበች ጮኸች። እየሮጠች ወደ አባባ። ለ30 እየገደፉ ሲቆጥሩ ዜሮና 30 አንድ ቦታ ነው የሚቆሙት። መጥቅዕ ደግሞ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም፣ የወር ቀን ነው፤ መስከረም 30 የሚባል ቀን አለ፣ መስከረም ዜሮ ግን የለም። ስለዚህ 30 አሉት። አባቴ እጇን ሳመ። ያን ቀን ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አብረው ነው የሚያሰሉት። ዘንድሮ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 መሆኑን ከካላንደር ሳያዩ አውጥተውታል።

ሌላም ልጨምር። የ7ኛ ክፍሉን ነገር ልጄ ለእኔ ሳትነግረኝ ለእነሱ ነግራቸዋለች። ወጣት ሴቶች ስለሆኑ ይመስለኛል፣ የእነሱም ቁስል ገና ትኩስ ነው። የኮሌጇ መምህርት እሷም ዩኒቨርሲቲ ክፍሏ ውስጥ ሴቶቹ በጣት የሚቆጠሩ እንደነበሩ፣ ጥያቄ ለመጠየቅ እጇን ለማውጣት ሁለት ዓመት እንደፈጀባት አጫወተቻቸው። ቀጥላ ስለ ማርያም ሚርዛኻኒ ነገረቻቸው። ቴህራን ያደገች ልጅ ናት፣ ትንሽ ሳለች መሆን የምትፈልገው ደራሲ ነበር። የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ስትጀምር ሂሳብ ላይ ደክማ ነበር፣ መምህሯም ይህን ያህል ችሎታ አላየባትም፣ እሷም ተስፋ ቆርጣ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የሚያበረታታት መምህር አገኘች። በ1994 እና በ1995 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የሂሳብ ኦሊምፒያድ ወርቅ ወሰደች፣ ሁለተኛውን አንድ ነጥብ እንኳን ሳይጎድልባት። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሂሳብ ትልቁን ሽልማት፣ የፊልድስ ሜዳልያን፣ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሽልማቱ መሰጠት የጀመረው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በካንሰር አረፈች፣ 40 ዓመቷ ነበር። ልጄ ይህን ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ስታወራኝ «እማዬ፣ እሷንም እኮ አይሆንሽም ብለዋት ነበር» አለችኝ። ስሟን ደብተሯ ጀርባ ላይ ጽፋዋለች።

ማታ ስለሆነ የምትሰጉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ እኔም ሰግቼ ነበር። እነዚህ ልጆች የመጨረሻዋ ተማሪ ወላጅ ወይም ወንድም መጥቶ ሳይወስዳት በሩን አይዘጉም። አንድ ቀን ዝናብ ሆኖ፣ ታክሲ ጠፍቶ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ነበር የደረስኩት። ሁለቱም ከልጄ ጋር ቁጭ ብለው ሻይ እየጠጡ ገበጣ ሲጫወቱ አገኘኋቸው፣ እሱንም እየቆጠሩ! ይቅርታ ስል «ምን ችግር አለው እትዬ» አሉኝ እንጂ ፊታቸው አልጠቆረም። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ክፍያቸው በወር አንድ አስጠኚ ቤት ድረስ መጥቶ ለሁለት ሳምንት ከሚጠይቀው ያንሳል፣ መክፈል ያልቻለች ልጅም እንዳልመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። በእኔ አስተያየት ራሳቸውን ጎድተው ነው የሚሠሩት። የምትችሉ ጨመር አድርጋችሁ ክፈሉ።

እንዳላታልላችሁ አንድ ነገር ልበል። ልጃችሁ በሚቀጥለው ወር ፈተና ካለባትና ቶሎ ውጤት የምትፈልጉ ከሆነ ቦታው ይሄ አይደለም። አንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚቀመጡበት ማታ አለ፤ ደብተሯን ስታዩ ግማሽ ገጽ ብቻ ተጽፎ ታገኛላችሁ። እኔም የመጀመሪያውን ወር «ምን እየተማረች ነው?» እያልኩ ተናድጃለሁ። የልጄ የትምህርት ቤት ውጤት የተነሳው ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ ከ58 ወደ 81። ለእኔ ግን ከ81ዱ የሚበልጥብኝ ሐሙስ ከሰዓት ሆዴን አመመኝ የሚል ድምፅ ቤቴ ውስጥ አለመኖሩ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ስድስት አዲስ ልጆች እንደሚቀበሉ ነግረውኛል። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል፣ እልክላችኋለሁ። የመግቢያ ፈተና የለም። ስኩዌር ደብተርና እርሳስ ይዛ ትምጣ፣ ካልኩሌተር አያስፈልግም። አያት ወይም አጎት ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ካላችሁ ደግሞ ንገሯቸው፣ አባቴን አንድ ሐሙስ ማታ ክፍል እንዲመጣላቸው ጋብዘውታል፣ ጓደኛ ይፈልጋል።