ውሃውን ከመንካቱ በፊት መለኪያውን ለመረመረልን ልጅ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ወገኖች። በሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድና በአካባቢው የምትኖሩ፣ ቤታችሁ የጨው ውሃ አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳ) ያላችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። ከልብ የማመሰግነው ልጅ አለ፤ እናንተም ብታውቁት ይጠቅማችኋል።

ሳሎናችን ውስጥ ባለ 40 ጋሎን አኳሪየም አለን። ሁለት ክላውንፊሽ የሚባሉ ዓሦችና ጥቂት ኮራሎች (እንደ አበባ የሚፈኩ የባሕር እንስሳት) አሉበት። በአንድ ወቅት ኮራሎቹ ያማቸው ጀመር። ቀን ቀን ፈክተው ይውሉ የነበሩት ተኮማትረው ዋሉ፣ ቀለማቸውም ገረጣ። ዓሦቹ ምንም አልሆኑም፤ ክላውንፊሽ ቻይ ነው። መጀመሪያ የጠራነው ባለሙያ «መብራቱ ነው» አለን። ቀጥሎ «ማጣሪያው ነው» አለን። ሁለቱም ተቀየሩ፣ ገንዘቡም ወጣ፣ ኮራሎቹ ግን ያው ናቸው።

ከዚያ አንድ ወዳጄ ይህን ልጅ ጠቆመኝ። የአገራችን ልጅ ነው፤ ሥራው የሰው ቤት አኳሪየም መንከባከብ ነው። ገና እንደገባ የጠየቀኝ፣ «ጋሼ፣ የጨው መጠኑን በምንድን ነው የሚለኩት?» ብሎ ነው። ሪፍራክቶሜትሬን ሰጠሁት። ያቺ በአንድ ጫፏ ጠብታ ውሃ ተደርጎ በሌላው ጫፍ በዓይን የምትታየው፣ ውሃው ብርሃን በሚያጥፍበት መጠን ጨውነቱን የምታሳየው መሣሪያ ናት። ሁልጊዜ 35 ነው የምታሳየኝ፤ ማለትም በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ 35 ግራም ጨው። የውቅያኖስ አማካይም ወደዚያው ነው።

ልጁ አልተከራከረኝም። መጀመሪያ የተጣራ ውሃ አደረገባት፤ ልክ ዜሮ ላይ ቆመች። እኔ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን ከቦርሳው አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጣ፤ ጨውነቱ 35 መሆኑ የተረጋገጠ መፈተሻ ፈሳሽ ነው። ሁለት ጠብታ አደረገ፣ ክዳኗን ከደነ፣ የፈሳሹና የመስታወቱ ሙቀት እስኪስተካከል ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠበቀ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየና ለእኔም ሰጠኝ። ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበት መስመር 31 እና 32 መሃል ነበር። 35 ማለት የነበረበት!

«ጋሼ፣ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ 35 አይደለም፤ 39 አካባቢ ነው» አለኝ። በራሱ ዲጂታል መለኪያም ደገመው፤ ያኛው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው የሚለካው። መልሱ ያው ሆነ።

ዜሮ ላይ ትክክል የሆነ ነገር 35 ላይ እንዴት ይሳሳታል አልኩት። እሱም እንዳስረዳኝ፣ ባዶውን ዜሮ የሚል፣ ዕቃ ሲጫንበት ግን የሚያጎድል ሚዛን ማለት ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ርካሽ ሪፍራክቶሜትሮች የተሠሩት ለገበታ ጨው ውሃ ነው። የባሕር ውሃ ግን ማግኒዚየምም ሰልፌትም ካልሲየምም ስላለበት ብርሃኑን ትንሽ ለየት አድርጎ ያጥፈዋል። ይህ ብቻውን 35 የሆነውን ውሃ 36.5 አካባቢ አድርጎ ያሳያል። የእኔዋ ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ አድርጋ ነበር የምታነበው። ስለዚህ መፍትሔው በምንፈልገው ቁጥር ላይ መፈተሽ ነው፤ ዜሮ የሆነ ባሕር የለንም።

በትንሿ ካቻቪቴ ብሎኗን አዙሮ መሣሪያዋን 35 ላይ አስተካከላት። «አዲስ ልግዛ?» ስለው «አያስፈልግም፣ በየወሩ በዚህ ፈሳሽ ይፈትሿት» አለኝ። ፈሳሹ ቢያልቅ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራም ጻፈልኝ፤ 3.65 ግራም የገበታ ጨው በ96.35 ግራም የተጣራ ውሃ። ይህ ውሃ ብርሃን የሚያጥፈው እንደ 35 የባሕር ውሃ ነው። ጥንቃቄ ያለው ሚዛን ያስፈልጋል። ደግሞ ለሪፍራክቶሜትር ብቻ ነው፤ ለዲጂታሉ አይሆንም።

ውሃውን ያስተካከለበት መንገድም ደስ ይላል። ከ40ው ጋሎን 4ቱን አውጥቶ በጨው አልባ ንጹህ ውሃ መተካት በቂ ነው፤ 39 አሥር በመቶ ሲቀነስለት 35 ይመጣል። ግን በአንድ ቀን አይደለም። ድንገተኛ ለውጥ ኮራሎቹን የበለጠ ይጎዳቸዋል ብሎ ለብዙ ቀናት ከፋፈለልን። ውሃው ሲተን ጨው እዚያው ስለሚቀር የጎደለውን በንጹህ ውሃ እንጂ በጨው ውሃ እንዳንሞላም አስጠነቀቀን። በተለይ በዚህ አገር ብርድ ጊዜ፣ ማሞቂያው የቤቱን አየር ሲያደርቀው፣ ውሃው ቶሎ ነው የሚጎድለው። ክንድ ያለውን የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር (ጨው ሲበዛ ክንዱ ከፍ የሚል ሌላ ዓይነት መለኪያ) የምትጠቀሙም ልብ በሉ፤ ክንዱ ላይ የአየር አረፋ ከተለጠፈ ወደ ላይ ስለሚያነሳው ጨው የበዛ ያስመስላል። ከማንበባችሁ በፊት መታ መታ አድርጋችሁ አረፋውን አራግፉት።

አሁን ኮራሎቻችን ቀን ላይ ይከፈታሉ። የገረጣው ቀለም ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው። ልጁ የጠየቀን የመጣበትን ዋጋ ብቻ ነው፤ አንድም ዕቃ አልሸጠልንም። እንዲህ ያለ ታማኝ ባለሙያ ሲገኝ ዝም ማለት ነውር ነው። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅህ ይባረክ።

ስልኩን አደባባይ ላይ አላወጣም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ከእሱ ጋር አገናኛችኋለሁ። ከመምጣቱ በፊት ግን ውሃውን አትቀይሩ፣ ጨውም አትጨምሩ። እንዳለ ማየት ይፈልጋል፤ የምትለኩበትን መሣሪያም አዘጋጁለት።