በባሕር ዳር ያለ አንድ የጎዳና ልጆች የቀን ማዕከል፦ ከአንድ ዓመት ድጋፍ በኋላ ያየሁት

በባሕር ዳር ከተማ በጎዳና የሚኖሩና ወደ ጎዳና ለመውጣት የተቃረቡ ልጆችን የሚረዳ አንድ አገር በቀል ድርጅት ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ በየወሩ መደገፍ ጀመርሁ፤ ከኅዳር ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት እየሄድሁ ሒሳብ አስጠናለሁ። ገንዘባችሁን ወይም ጊዜያችሁን ለእንዲህ ያለ ሥራ ለመስጠት የምታስቡ ስላላችሁ፣ ደጉንም ጎደሎውንም እንዳየሁት እጽፋለሁ። ስሙንና ሰፈሩን የማልጠቅሰው ኃላፊዋ ስለለመኑኝ ነው፤ ቀደም ሲል ስማቸው በማኅበራዊ መገናኛ ተነሥቶ፣ ልጆች ሲበሉ በስልክ ለመቅረጽ የሚመጣው ሰው ለመርዳት ከሚመጣው በልጦባቸው ነበር። አሁን በግቢው ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ አስቀድሜ የማመሰግናቸውም በዚሁ ነው።

ማዕከሉ የሚከፈተው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ ይታጠባሉ፣ ልብሳቸውን በሳፋ አጥበው ያሰጣሉ፣ ሻይና ዳቦ ይበላሉ፤ ትምህርት ያለው ወደ ትምህርቱ፣ ሥራ ያለው ወደ ሥራው ይሄዳል። ምሳው ሽሮ ወይም ምስር ወጥ ነው፤ እኔም አብሬ በልቻለሁ፤ ጨው በዛ ይልበታል እንጂ ሌላ ነውር የለበትም።

የድርጅቱን ዋጋ ያወቅሁት ግን ከምግብ አዳራሹ ይልቅ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ ግድግዳውን ተከትሎ የተሠራ የእንጨት መደርደሪያ አለ፤ መደርደሪያው እንደ ንብ ቀፎ በትንንሽ ሣጥን የተከፋፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሣጥን በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ ቁልፉም በልጁ እጅ ነው። በረንዳ ላይ ለሚያድር ልጅ ከረሃብ ቀጥሎ የሚከብደው ያገኘውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ማጣቱ እንደሆነ እዚህ እስክመጣ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። ቀን ጫማ ጠርጎ ወይም ሶፍትና ማስቲካ አዙሮ ያገኛትን ብር ሲተኛ ትልልቆቹ እንደሚቀሙት ስለሚያውቅ፣ ሳይመሽ መጨረስን ይመርጣል፤ እኛም ቆም ብለን ሳናስብ አባካኝ እንለዋለን። የሊስትሮ ሣጥኑን ተንተርሶ ያድራል፤ ደብተሩ በክረምት ዝናብ ይበሰብሳል፤ ደብተሩ የበሰበሰበት ልጅ ደግሞ መምህሩን ላለማየት ሲል ከትምህርት ቤት ይቀራል።

አንድ ቅዳሜ፣ ከአሥር ዓመት የማይበልጥ ሊስትሮ ቁልፉን በጫማ ክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ በአንድ ጠዋት ሣጥኑን ሦስት ጊዜ ሲከፍትና ሲዘጋ አየሁት። ምን እንደጠፋበት ብጠይቀው «ምንም አልጠፋብኝ ጋሼ፣ መኖሩን እያየሁ ነው» አለኝ። ውስጡ አንድ ብሩሽ፣ ግማሹ ያለቀ የጥቁር ቀለም ቆርቆሮ፣ ሁለት ደብተርና በላስቲክ የተጠቀለለ ካልሲ ነበር። ከዚያው ክፍል መስኮት ሥር ገንዘብ ያዧ ተቀምጠው የልጆቹን ቁጠባ በመዝገብ ይይዛሉ፤ ማንበብ የማይችለውም ልጅ ቢሆን ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ተነቦለት በአውራ ጣቱ ይፈርማል። በእኛ አገር ለቆሎ ተማሪ እንጀራ ቆርሶ መስጠት ከልጅነት የተማርነው ወግ ሆኖ ሳለ፣ የዚያው ተማሪ እኩያ የሆነውን ሊስትሮ ከደጃፋችን በቁጣ የምናባርረው ለምን እንደሆነ በዚያች ክፍል ስቀመጥ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ከፍ ላሉት ወጣቶች ያለው የሥራ ልምምድም በጥንቃቄ የተያዘ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲሠራ አይፈቀድም። ማዕከሉ ወጣቶቹን የሚልክባቸው የብረት በር መሥሪያና የእንጨት ሥራ ቤቶች ይህን ፈርመው ይቀበላሉ፤ ማኅበራዊ ሠራተኛውም ሳይነግር ድንገት እየሄደ ያያል። አንድ ብየዳ ቤት ልጁን ያለ መነጽር ሲያሠራ በመገኘቱ ውሉ በዚያው ቀን ሲቋረጥ እኔም ግቢው ውስጥ ነበርሁ። አስቸጋሪው ነገር የልደት ማስረጃ ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመደበኛነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከገጠር ብቻውን የመጣ ጎረምሳ ዕድሜው 14 ይሁን 16 የሚያረጋግጥለት ወረቀት የለውም፤ ማስረጃውን ለማግኘት ወደ ቀበሌ መመላለሱ ከልምምዱ ጊዜ ሊረዝም ይችላል።

አሁን ወደ ጎደሎው ልምጣ። ድርጅቱ ልጆችን ከቤተሰብ ጋር በማቀላቀል ይኮራል፤ እኔ ግን ከሥራው ሁሉ የሳሳው ይህ ክፍል ነው እላለሁ። ባለፈው ዓመት ልብስና ደብተር ተገዝቶለት፣ የመኪና ተከፍሎለት ወደ እናቱ የተመለሰ አንድ ልጅ ጥምቀት ሳያልፍ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ዕቃ ሲሸከም ተገኝቷል። መጀመሪያ ከቤት ያስወጣው ከእንጀራ አባቱ ጋር የነበረው ጠብ ነበር፤ ያንን ጠብ ማንም ተቀምጦ አልሸመገለውም። ከሸኙት በኋላ የሚያደርጉት ክትትል በስልክ ብቻ ነው፤ በስልኩ የሚመልሰውም ያው የእንጀራ አባት ነበር። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ እንደሚዘጋና ስልክም እንደሚጠፋ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መንገዱ ክፍት በነበረባቸው ወራትም የሄደ ሰው አልነበረም። ይህን ለኃላፊዋ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ ሳይቆጡ ተቀብለውኛል፤ እስካሁን የተለወጠ ነገር ግን አላየሁም።

ሁለተኛው ጉድለት የሴቶቹ ጉዳይ ነው። ሴት ልጆች በረንዳ ላይ እንደ ወንዶቹ አይታዩም፤ በሰው ቤት ተቀጥረው ወይም ጀበና ቡና ቤት እያገለገሉ ይቆዩና፣ አሠሪያቸው ያባረራቸው ዕለት ማታ ነው አደጋ ላይ የሚወድቁት። ማዕከሉ ግን 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ማደሪያም የለውም።

ስለ ገንዘቡ የማማርረው የለኝም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ እነርሱም የዓመት ሒሳባቸውን ለጠየቀ ሁሉ ያሳያሉ፤ እኔም ጠይቄ አይቻለሁ። ደረሰኙ ግን አንዳንዴ ወር አልፎት ይደርሳል።

መርዳት የምትፈልጉ ያረጀ የአዋቂ ልብስ አትውሰዱ፤ ዕቃ ቤቱ በሰፋፊ ኮት ተሞልቷል። የልብስ ሳሙና፣ የጥቁርና የቡናማ ጫማ ቀለም፣ ባለ መስመር ደብተር ሁልጊዜ ያስፈልጋሉ። ጓጉንቸር የምትገዙም ሁለት ቁልፍ ያለውን ምረጡ፤ አንዱ በገንዘብ ያዧ ዘንድ ይቀመጣል፤ ልጆቹ እሑድ ጣና ሲዋኙ አንገታቸው ላይ ያለውን እየጣሉ ይመጣሉና።