የጌጥ ሽንኩርት ገዢዎች ተጠንቀቁ፦ «ግዙፍ ሰማያዊ አሊየም» የሚባል የለም

«ግዙፍ ሰማያዊ አሊየም፣ 100 ፍሬ ዘር፣ በተዘራ በዓመቱ ያብባል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። ፎቶው ላይ ያለው አበባ በኮምፒውተር የተቀባ ነው። ሰማያዊ የሚያብብ የጌጥ ሽንኩርት (አሊየም፣ እንደ ኳስ ላለ አበባው የሚተከል የሽንኩርት ዘመድ) በእርግጥ አለ። አሊየም ሴሩሊየም ይባላል፣ አገሩ መካከለኛው እስያ ነው፣ ቀለሙም ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ግን የአበባው ኳስ ስፋት ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የሰው ራስ የሚያህሉት አሊየሞች ሐምራዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ሮዝ ወይም ነጭ ናቸው። ትልቅነትንና ሰማያዊ ቀለምን አንድ ላይ የያዘ በገበያ ላይ አይገኝም።

ይህ ማጭበርበር የሚሠራው ጊዜ ስለሚገዛ ነው። ኮረቱ (የሽንኩርቱ ራስ) ከተተከለ በኋላ አበባውን ለማየት ብዙ ወራት መጠበቅ ግድ ነው፤ ዘር ከሆነ ደግሞ ዓመታት። ገንዘብ ተመላሽ የሚጠየቅበት ቀን ግን በሳምንታት ውስጥ ያልፋል። ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ስለዚህ ፍተሻው አበባ ሲወጣ ሳይሆን ጥቅሉ በተከፈተበት ቀን መሆን አለበት። ደግነቱ ኮረትም ዘርም በዚያው ቀን ብዙ ነገር ይናገራሉ።

ከዘሩ እንጀምር። ግሎብማስተር የተባለው ዝነኛ ዝርያ የአሊየም ክሪስቶፊና የአሊየም ማክሊያኒ ድቅል ሲሆን መካን ነው፣ ዘር አያፈራም። አበባው ከሌሎቹ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየውም ለዚህ ነው። እንግዲህ «የግሎብማስተር ዘር» የሚሸጥ ሰው ወይ የሚሸጠውን አያውቅም ወይ እያወቀ ይዋሻል። ፐርፕል ሴንሴሽን የተባለው ሌላ ዝርያ በበኩሉ ዘር በብዛት ያፈራል፤ ከዘሩ የሚበቅለው ግን የእናቱን ጥልቅ ቀለም አይጠብቅም፣ አብዛኛው የደበዘዘ ይሆናል። ዘሩን በዋናው ስም መሸጥ ስለዚህ ትክክል አይደለም። «በዓመቱ ያብባል» የሚለውም ሐሰት ነው። ትልልቆቹ አሊየሞች ከዘር ተነስተው እስኪያብቡ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃሉ። የብዙዎቹ ዘር ለመብቀል እርጥብ አፈር ውስጥ ሆኖ በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለሳምንታት መቆየት አለበት። ማስታወቂያው ላይ ስለ ቅዝቃዜ አንድም ቃል ከሌለ ሻጩ ተክሉን አያውቀውም ማለት ነው።

ዘሩ እጃችሁ ሲገባ በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግፉት። የአሊየም ዘር ጥቁር፣ ማዕዘናማና ሸብሸብ ያለ ነው፤ የቀይ ሽንኩርት ዘር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ቡናማ፣ ክብ ወይም እንደ ሰሊጥ ጠፍጣፋ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ከበቀለ በኋላም መለያ አለው። አሊየም ከአፈር ሲወጣ እንደ ጉልበት የታጠፈ አንድ ቀጭን አረንጓዴ ክር ሆኖ ነው፤ የዘሩ ቅርፊትም ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሁለት ቅጠል ዘርግቶ ከወጣ አሊየም አይደለም፣ ምንነቱ ሳይታወቅ ወደ መደብ እንዳታዛውሩት።

ኮረት ስትገዙ ደግሞ ወሳኙ ነገር መጠኑ ነው። የንግዱ መለኪያ ክብደትም ቁመትም ሳይሆን የኮረቱ ዙሪያ በሳንቲ ሜትር ነው። አሊየም ጂጋንቲየምና ግሎብማስተር ዙሪያቸው 20 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ይሸጣሉ። ፐርፕል ሴንሴሽን 12 አካባቢ ነው። እንደ አሊየም ሞሊና አሊየም ሴሩሊየም ያሉት ትንንሾቹ 4 ወይም 5 ይበቃቸዋል። ክር ወስዳችሁ የኮረቱን ወፍራም ክፍል ዙሩበትና ክሩን በማስመሪያ ለኩ። ዙሪያው 20 የሆነ ኮረት ከዳር እስከ ዳር 6.4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል። በጂጋንቲየም ስም የተላከላችሁ ኮረት ዙሪያው 10 ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ሰጥቶ ያልፋል፤ አበባ ለመያዝ የሚበቃ ስንቅ የለውም። ሻጩ «አፈራችሁ ነው» ይላችኋል። አፈሩ ጥፋት የለበትም።

«50 ኮረት ድብልቅ» የሚለው ጥቅልም በዚሁ ዘዴ ይሠራል። ሽፋኑ ላይ ትልልቆቹ ኳሶች ይታያሉ፣ ውስጡ ግን ሞሊ፣ ስፌሮሴፋሎንና መሰል ትንንሽ አበባ ያላቸው አሊየሞች ናቸው። ተክሎቹ መጥፎ ሆነው አይደለም፤ ስፌሮሴፋሎን በሣር መካከል ሲያብብ እጅግ ያምራል። የተከፈለበት ዋጋ ግን የትልቆቹ ነው።

ቀጥሎ ኮረቱን ገልብጡና ሥር የሚወጣበትን መቀመጫ በአውራ ጣት ጫን በሉት። ጠንካራ መሆን አለበት፤ ከረገበ ብስባሽ ገብቶበታል። ከላይኛው ደረቅ ልጣጭ ላይ ብቻ ያረፈ ሰማያዊ ሻጋታ ብዙ አያሰጋም፣ ሥጋው ጠንካራ ከሆነ ጠርጎ መትከል ይቻላል። መቀመጫው አካባቢ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር፣ በውስጡም የስፒል ራስ የሚያህሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ካያችሁ ግን ኮረቱን አፈር አታስነኩት። ነጭ ብስባሽ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነው። እነዚያ ነጠብጣቦች አፈር ውስጥ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይሞቱ ይቆያሉ፤ ቀይ ሽንኩርትንም ነጭ ሽንኩርትንም ያጠቃሉ። በጌጥ ሰበብ የገባ በሽታ የጓሮውን ምግብ ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ኮረት በላስቲክ አስራችሁ ከቆሻሻ ጋር አስወግዱ እንጂ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት።

«በማንኛውም የአየር ንብረት ይበቅላል» የሚለውንም አትመኑ። ከመካከለኛው እስያ ተራሮች የመጡት ትልልቆቹ ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ቅዝቃዜ ለሦስት ወር ገደማ ካላገኙ የአበባው ዘንግ አጥሮ ቅጠሉ ውስጥ ይቀራል። ሞቃት ቦታ ያለ ሰው ኮረቱን በወረቀት ከረጢት አድርጎ በፍሪጅ ማቆየት ይችላል፤ ፍራፍሬ ግን አጠገቡ አይቀመጥ፣ ከበሰለ ፍሬ የሚወጣው ኤቲሊን ጋዝ በውስጡ ያለውን የአበባ እምቡጥ ይጎዳል። ይህም ሆኖ የሚያብበው ለአንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ትልቅ ገንዘብ አታፍሱበት።

«እንክብካቤ አይፈልግም፣ ራሱ ይስፋፋል» ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ አሊየም ትራይኬትረም ወይም አሊየም ፓራዶክሰም ነው። ሁለቱም ወራሪ ናቸው፤ በእንግሊዝና በዌልስ ከቤት ውጭ በዱር እንዲበቅሉ ማድረግ በሕግ ተከልክሏል። አንዴ ከገቡ በየአፈሩ የሚቀሩትን ጥቃቅን ኮረቶች ለቅሞ መጨረስ አድካሚ ነው።

«ከዱር የመጣ ብርቅዬ» ለሚለው ማስታወቂያም ጀርባችሁን ስጡ። በአንድ ተራራ ወይም ሸለቆ ብቻ የሚገኙ የአሊየም ዝርያዎች ብዙ ናቸው፤ ከዘር አድገው ለአበባ ለመድረስ ዓመታት የፈጀባቸውን ኮረቶች መቆፈር ቦታውን ባዶ ያስቀረዋል። ከዱር የተነቀለ ኮረት መጠኑ የተለያየ፣ ሥሩ የተበጣጠሰ፣ በልጣጩ መካከል ጠጠር የተሰገሰገበት ነው። በእርሻ የተመረተው እኩል እኩልና ንጹሕ ሆኖ ይመጣል። እነዚህ ዕፅዋት በተራራቸው ላይ ሲታዩ ያላቸው ውበት ሊከበር ይገባል፤ ፎቶ አንስቶ መመለስ ይበቃል።

ውሻ ወይም ድመት ያላችሁ ደግሞ «ለቤት እንስሳት አይጎዳም» ቢሏችሁ አትስሙ። ማንኛውም አሊየም ከበሉት ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ይጎዳል።

ከመክፈላችሁ በፊት የዝርያውን ሙሉ ሳይንሳዊ ስም፣ የኮረቱን ዙሪያና በእርሻ መመረቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ጥቅሉን ስትከፍቱ ኮረቱን ከማስመሪያ ጎን አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ፣ መቀመጫውንም አንሱ፣ ማሸጊያውን አትጣሉ። ቅሬታችሁን በዚያው ሳምንት አቅርቡ። «እስኪያብብ ጠብቁ» ካሏችሁ «የታዘዘው ዙሪያው 20 ነው፣ የመጣው 10 ነው» ብላችሁ ከፎቶው ጋር መልሱላቸው፤ ለዚህ አበባ መጠበቅ አያስፈልግም።