ለቤት ዴስክቶፕ ዋይፋይ፦ ትንሿ ዶንግል፣ ባለ አንቴናው ወይስ ካርዱ?

ከራውተሩ እስከ ኮምፒውተሩ ኬብል መዘርጋት የምትችሉ ከሆነ ኬብሉን ዘርጉና ይህን ጽሑፍ ተዉት። የትኛውም አዳፕተር (ዴስክቶፑ ዋይፋይ እንዲይዝ የሚያደርገው ዕቃ) እሱን አያክልም። ግድግዳ መብሳት ካልተፈቀደላችሁ ግን ገበያ ላይ የሚጠብቋችሁ ሦስት ዓይነቶች ናቸው።

የመጀመሪያዋ ጥፍር የምታክለው የዩኤስቢ ዶንግል ናት። የቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብልዩኤን725ኤን ጥሩ ምሳሌ ናት። ርካሽ ነች፣ ቦታ አትይዝም፣ ሰክቶ መርሳት ነው። ጣጣዋ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ መሥራቷ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ እዚህ ሞገድ ላይ የጎረቤት ራውተር ሁሉ ይጋፋል፤ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ካርቶኑ 150 ሜጋቢት በሰከንድ ይላል፤ ግማሹን ካገኛችሁ እሰየው። ያም ሆኖ የቤታችሁ መስመር 10 ሜጋቢት ከሆነና ራውተሩ እዚያው ክፍል ካለ ከዚህ በላይ ማውጣት ብር መበተን ነው።

ሁለተኛው ባለ አንቴናው ዩኤስቢ ነው፣ ለምሳሌ አርቸር ቲ3ዩ ፕላስ። በ2.4ም በ5 ጊጋኸርዝም ይሠራል። ካርቶኑ ላይ ያለው 1300 የሚለው ቁጥር እንዳያታልላችሁ፤ በ5 ጊጋኸርዝ 867፣ በ2.4 ደግሞ 400 ተደምሮ፣ ከዚያም ወደ ላይ ተጠጋግቶ የተገኘ ነው። ኮምፒውተራችሁ ግን በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው አንዱን ብቻ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣንና ግፊያ የሌለበት ነው፣ ነገር ግን ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል። ያኔ ወደ 2.4 መመለስ ነው።

እዚህ ላይ ከሞዴሉ ይልቅ ቦታው ይወስናል። ሰው ዶንግሉን ከኬዙ ጀርባ ይሰካዋል፤ በአንድ በኩል ብረት፣ በሌላ በኩል ግድግዳ። ሲግናሉ ከየት ይምጣ? አንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝታችሁ አዳፕተሩን ጠረጴዛው ላይ አውጡት። በጣም ውዱን ሞዴል ከመግዛት ይህ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። የዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክ ካላችሁም ከአጠገቡ አርቁት፤ እሱ ሥራ ላይ ሲሆን የ2.4ን ሞገድ ይረብሻል።

ሦስተኛው ኬዙ ውስጥ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የሚሰካው የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ነው። አርቸር ቲኤክስ50ኢ ዋይፋይ 6 (ከቀደሙት የፈጠነ የዋይፋይ ትውልድ) አለው፣ በ5 ጊጋኸርዝ እስከ 2402 ሜጋቢት ይደርሳል፣ ብሉቱዝም አብሮት ይመጣል። ጌም ለሚጫወት ወይም ቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ትልልቅ ፋይል ለሚያዘዋውር ምርጫው ይህ ነው። ራውተራችሁ ዋይፋይ 6 ከሌለው ግን የከፈላችሁበት ፍጥነት ተኝቶ ይቀራል። ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙን ክፈቱና ሁለት ነገር እዩ፦ ባዶ ስሎት (የካርድ መሰኪያ) አለ? ቀጭን ኬዝ ከሆነስ፣ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ትንንሾቹ፣ አጭሩ ማሰሪያ ብረት ካርቶኑ ውስጥ አለ? ብሉቱዙ እንዲሠራ ደግሞ ቀጭኗን ኬብል ማዘርቦርዱ ላይ ካለው የዩኤስቢ ፒን ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህቺን ይረሳና «ብሉቱዙ ተበላሽቷል» ይላል። አሁንም ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ይህን ካርድ እለፉት።

የእኔ ምርጫ ለአብዛኛው ቤት ሁለተኛው ከነማራዘሚያው ነው። ካርዱ የተሻለ ዕቃ መሆኑ አያከራክርም፤ ግን 20 ሜጋቢት የማይሞላ መስመር ላይ ልዩነቱን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው።

ስም የለሽ ርካሽ ዶንግሎችን ግን ተጠንቀቁ። ጀርባቸው ላይ የዋይፋይ መለያ ቁጥሩ 802.11 መጻፍ ሲገባው በ11 ፋንታ ሁለት ትልልቅ የእንግሊዝኛ «አይ» የታተመባቸው አሉ። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ካርቶኑ 300 ወይም 600 ቢልም ውስጡ ብዙ ጊዜ ባለ 150ው ቺፕ ነው። ድራይቨሩም (ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያውቀው የሚያደርገው ፕሮግራም) በትንሽ ሲዲ ነው የሚመጣው፤ ሲዲ ማጫወቻ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ነው።

ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት፣ ለኢንተርኔቱ ድራይቨር የሚያስፈልግበት ግራ መጋባት ከገጠማችሁ አንድሮይድ ስልካችሁን በዩኤስቢ ኬብል ሰክታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን (ስልኩ ኢንተርኔቱን በኬብሉ ለኮምፒውተሩ የሚያካፍልበትን) አብሩት። ስልኩ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ከተገናኘ ዳታችሁም አይነካም። አዳፕተሩን እስክትገዙም በዚሁ መሥራት ይቻላል።