በሬ ተዘጋ ወይስ በሬ ወለደ? ከኢኤስፒ 32 ጋር ስምንት ወር

ዋይፋይ ያለውን ትንሽ ፕሮግራም የሚደረግ ቦርድ፣ ኢኤስፒ 32ን፣ በሬ ላይ ከገጠምኩ ስምንት ወር ሞላኝ። ሥራው አንድ ነው፤ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ የተውኩት ገጽ ላይ ወዲያው ማሳወቅ። ማግኔት ሲጠጋው የሚገናኝ ሪድ ስዊች፣ ሁለት ሽቦ፣ አንድ የስልክ ቻርጀር። በቃ።

መጀመሪያ ገጹ በየሁለት ሰከንዱ «ምን አዲስ አለ?» እያለ ቦርዱን ይጠይቅ ነበር። ቶሎ ከፍቶ የዘጋ ሰው ግን ያመልጠዋል። ገጹና ቦርዱ በሁለቱም አቅጣጫ የሚነጋገሩበትን ዌብሶኬት ልሞክር አልኩና ተውኩት። ወሬው የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ለእኔ ይበዛል። በመጨረሻ ቦርዱ ብቻ ወደ ገጹ በሚልክበት መንገድ፣ ሰርቨር ሴንት ኢቨንትስ ላይ ረጋሁ። ግንኙነቱ አንዴ ይከፈትና ክፍት ሆኖ ይቆያል። ቦርዱ «ዳታ» ብሎ ሁለት ነጥብ ያደርጋል፣ መልእክቱን ይጽፋል፣ ከዚያ አንድ ባዶ መስመር። ዋይፋይ ሄዶ ሲመጣ ብሮውዘሩ ራሱ ተመልሶ ይገናኛል። ለዚህ አንድ መስመር ኮድ አልጻፍኩም፤ በጣም የወደድኩለትም ይህንን ነው።

ጉዱ የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። በሩ ፊቴ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ገጹ ግን «ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ» ይላል። በሬ ወለደ ማለት ይኼ ነው! ስዊቹን ቀየርኩ፣ ሽቦውን አሳጠርኩ፣ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩ። ለካ ጥፋቱ የራሴ ነው። ሽቦውን ያሰርኩት ፒን 34 (ከቦርዱ የሽቦ ማሰሪያ እግሮች አንዱ) ላይ ነበር። ከ34 እስከ 39 ያሉት ፒኖች ምልክት ይቀበላሉ እንጂ አይሰጡም፤ ስዊቹ ሲላቀቅ ፒኑን በአንድ ቮልቴጅ ላይ የሚያቆየው ውስጣዊ ፑልአፕም የላቸውም። እኔ ኮዱ ላይ ፑልአፕ ብዬ ጽፌ በልበ ሙሉነት ተቀምጫለሁ። ስዊቹ ሲላቀቅ ፒኑ ባዶ አየር ላይ ይንጠለጠላልና በዙሪያው ያለውን የኤሌክትሪክ ጫጫታ ሁሉ እንደ በር ይቆጥራል። ወደ ፒን 27 አዛወርኩት፤ ወሬው ቆመ።

አንድ መክፈት ሦስት ጊዜ መቆጠሩም ነበር። ስዊቹ ሲገናኝ ትንሽ ስለሚነጥር ነው። 50 ሚሊሰከንድ ጠብቆ ደግሞ እንዲያይ አደረግኩትና ተወኝ። ዋይፋይ በጀመረ ቁጥር ቦርዱ እየጠፋ የሚነሳው ደግሞ በቂ ኃይል በማታደርሰው ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ምክንያት ሆኖ ተገኘ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። የቦርዱ ዋይፋይ 2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነው፤ 5 ጊጋኸርትዝ ላይ ያለ ኔትወርክ አይታየውም። በባትሪ ላሂደው ለሚል ደግሞ ይህ አሠራር አይሆንም፤ ግንኙነቱ ክፍት እንዲቆይ ዋይፋዩ ቀን ከሌት ነቅቶ ይውላል።

እኔ ለመስኮቱ ሁለተኛ ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ግን እስካሁን ሳጥን አልተሠራለትም፤ በፕላስተር እንደተለጠፈ አለ።