ዝም ማለትን ላስተማሩኝ መምህር

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከስምንት ወር በፊት ነው። ዛሬ ነገ ስል እዚህ ደረስኩ።

ጊታርና ፒያኖ በማስተማር ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ ልዩ ልዩ ችግር ያለባቸውን ዘጠኝ ወጣቶች እንድይዝ ስጠየቅ አላመነታሁም። ኦቲዝም ያለባቸው፣ መስማት የሚቸግራቸው፣ ከቤተሰብ ተለይተው የሚያድጉም ነበሩባቸው። በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ልጅ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሌላዋ ከበሮውን ገፍትራ ወጣች። እኔ ደግሞ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማስረዳቴን ቀጠልኩ! አሁን ሳስታውሰው እሸማቀቃለሁ።

ዛሬ የማመሰግናቸውን የመምህራን አሠልጣኝ የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። መጡና ደብተርና ሰዓት ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ትምህርቱ ሲያልቅ አላሞገሱኝም፣ አልወቀሱኝም። «ከ40 ደቂቃ ውስጥ ልጆቹ የተጫወቱት 9 ደቂቃ ነው። የቀረውን አንተ አወራህ» አሉኝ። ልከራከር አፌን ስከፍት ሰዓታቸውን እንደገና ሲያስነሡ አየሁና ዝም አልኩ።

በሚቀጥለው ጊዜ ዛይሎፎን (በተርታ የተደረደሩ እንጨቶቹ በመምቻ የሚመቱ መሣሪያ) ይዘው መጡ፤ ከእንጨቶቹ መካከል የፋ እና የሲ ድምፅ የሚሰጡትን ነቅለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። የቀሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ብቻ ናቸው። በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ፣ ማለትም እጅግ የተጠጋጉ ጎረቤታሞች ስለማይኖሩ፣ ዘጠኙም እንዳሻቸው ቢመቱ ጆሮ የሚሰነጥቅ ግጭት አይፈጠርም። ጀርመናውያኑ የሙዚቃ አስተማሪዎች ካርል ኦርፍ እና ጉኒልድ ኬትማን እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ሙኒክ ውስጥ ያዳበሩትን ስልት እኔም ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። እንጨቱ የሚነቀልበት ምክንያት የገባኝ ግን ያን ቀን ነው፤ «ተሳስተሃል» ሲባል የኖረ ልጅ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይሳሳት ሲጫወት ሳይ።

የጠረጴዛ ሥሩን ልጅ በተመለከተ ትዕግሥታቸው የሚገርም ነበር። ሁለት ሳምንት ምንም እንዲጫወት አልጠየቁትም። በር አጠገብ ጆሮ መከላከያ አድርጎ ይቀመጣል፤ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን የሚያሳዩ ሥዕሎች በተርታ ፊቱ ተሰቅለዋል። በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ሰጡት። መዳፉን ሲዘረጋ ሁላችንም እንጫወታለን፤ ጨብጦ ሲያነሣ ቀጥ እንላለን። ጨበጠ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። ዘረጋ፤ ጨበጠ። አሥራ አንድ ጊዜ አስቆመን (እየቆጠርኩ ነበር፤ የአሠልጣኟ በሽታ ተጋብቶብኛል)። በአሥራ ሁለተኛው እጁን እንደዘረጋ ረሳው። ጆሮ መከላከያው አንገቱ ላይ ወርዶ ነበር። በአብዛኛው የሚያሠቃየው ሳይታሰብ የሚመጣ ድምፅ እንደነበር ያወቅኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

መስማት ለሚቸግራት ልጅ እኔ ቀላል ይሆንላታል ብዬ ትንሿን ትሪያንግል (ሲመቷት የምትጮህ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት) ሰጥቻት ነበር። አሠልጣኟ ሳቁብኝ። ቀጭኑን ድምፅ ሰጥተሃት በምኗ ትሰማው? ጫማ አስወልቀው በእንጨት ወለል ላይ አቆሙን፣ ትልቁን ከበሮም ወለሉ ላይ አስደገፉ። ወፍራም ድምፅ ከእግር ተነሥቶ እስከ ደረት ይሰማል። ከ12 ዓመቷ ጀምሮ ከባድ የመስማት ችግር ያለባት ስኮትላንዳዊቷ የከበሮና መሰል የምት መሣሪያዎች ተጫዋች ኤቭሊን ግሌኒም ብዙ ጊዜ በባዶ እግሯ ነው የምትጫወተው። ልጅቱ ይህን በቪዲዮ ካየች ወዲህ ጫማዋን የምታወልቀው ገና በሩ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው ግን ወሰናቸውን በማወቃቸው ነው። የሙዚቃ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ እንደሆነ፣ እኛ ደግሞ አስተማሪዎች እንደሆንን ደጋግመው ነግረውኛል። አንዲት ልጅ የራሷን ግጥም ስትጽፍ ከባድ ነገር ብታወጣ አዳምጣት፣ አትመርምራት፤ «ለማንም አልናገርም» ብለህም ቃል አትግባ፤ ወደሚመለከተው ባለሙያ አድርሳት። ይህ ምክር በሁለት ወር ውስጥ አስፈልጎኛል።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ስልክ ቶሎ አያነሡም። ንግግራቸው ቅቤ የለበትም። ክፍልህን ገብተው ሳያዩ ሥልጠና አይጀምሩም፤ የምስክር ወረቀትም አይሰጡም፤ ወረቀት የፈለገ ሌላ ቦታ ይሞክር። ከእንዲህ ዓይነት ወጣቶች ጋር እየሠራችሁ ግራ የገባችሁ ግን እርሳቸውን ፈልጉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስለማይወዱ፣ በግል ለሚጠይቀኝ አገናኘዋለሁ።

መምህሬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለፈው ማክሰኞ ለካሁ፤ 27 ደቂቃ ተጫወቱ። የቀረው 13ም በዝቷል እንደሚሉኝ አውቃለሁ።