ሴሴይ ወይስ ሳንሺካን? የሪዩኪዩ መንግሥት ሥልጣን በማን እጅ ነበር

የሪዩኪዩ (የዛሬዋ የጃፓን ኦኪናዋ) ነገሥታት ይቀመጡበት በነበረው በሹሪ ቤተ መንግሥት በማዕረግ ከንጉሡ ቀጥሎ የሚመጣው ሴሴይ የተባለው ሹም ነበር። ሹመቱ አብዛኛውን ጊዜ ለንጉሣውያን መሳፍንት የሚሰጥ ስለነበር ክብሩ ታላቅ ነበር፤ የዕለት ሥራው ግን ሳንሺካን የተባሉት የሦስቱ የመንግሥት አማካሪዎች ነበር። እነዚህ ከፍተኛ ሹማምንት በድምፅ ይመረጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1609 ሳትሱማ የተባለው የደቡብ ጃፓን ግዛት ከወረራቸው በኋላ ግን ምርጫው ያለ ሳትሱማ ይሁንታ አይጸናም ነበር። ሥራውንም ይከፋፈሉ ነበር፦ አንዱ ግብርና ገቢን፣ ሌላው የመኳንንቱን ርስትና ድርጎ፣ ሦስተኛው ደንና ግንባታን ይይዝ ነበር።

ሴሴይ ለስም ብቻ ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። ሃኔጂ ቾሹ ከ1666 እስከ 1673 በዚሁ ወንበር ተቀምጦ የቤተ መንግሥቱን ወጪ ቀንሷል፣ የሴት ካህናቱንም ተፅዕኖ ገድቧል። ወንበሩ የሚከብደው እንደ ተቀማጩ ነበር።

የቻይና ዝርያ ያላቸው ሰዎች መንደር የሆነችው የኩሜሙራ ተወላጁ ሳይ ኦን መስፍን አልነበረም፤ በ1728 ሳንሺካን ሆኖ ደንን በሥርዓት አስጠበቀ፣ በ1735 በሰሜን ኦኪናዋ ያለውን የሃኔጂን ወንዝ አስጠገነ። ሳንሺካንነት አደጋም ነበረው፦ ጃና ኡዌካታ ለሳትሱማ የታማኝነት መሐላ አልፈርምም በማለቱ በ1611 ተገደለ።